መኪና ያልገባበት ጋራዥ

ይመርን ቀብረን የተመለስን ዕለት ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ሳቅሁ። ደግሞ በከንፈር ጫፍ አይደለም፤ የጋቢዬን ጫፍ አፌ ውስጥ እስክጎሰጉስ ድረስ ነው። አጠገቤ የተቀመጡት የዕድር ሰው ትከሻዬ ሲንቀጠቀጥ አይተው ለቅሶ መሰላቸውና «አይዞህ ወልዴ፣ አልቅስ፣ ይውጣልህ» እያሉ ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ። እኔ ደግሞ ይብስ አሳቀኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዱ ጎረቤት ለሌላው ቀስ ብሎ፣ «እንግዲህ የልጅቷም መኪና ጣሪያ ሥር ልትገባ ነው» ሲል ሰማሁ። ያኔ ነው ሳቁ ያመለጠኝ። እኔና ይመር ያቺን መኪና እንዴት እንደሸሸናት፣ በየቀኑ የት ደረሰች እያልን ወሬዋን እንደ ጠላት ጦር እንዴት እንደተከታተልን ትዝ አለኝ። ከሳቁ በኋላ ግን ነገሩን አሰብኩት። ሰውዬው እውነቱን ነው። ይመር ከሌለ ጋራዡ የመኪና ነው። ያ ሁሉ የደከምንበት ወርክሾፕ ሊፈርስ ነው፤ እኔም መዋያዬን ላጣ ነው።

ስለዚህ ሳይፈርስ ልጻፈው። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ስለሆነ እጄ ከእስክሪብቶ ይልቅ ከመዶሻ ጋር ነው የሚስማማው። ቢሆንም ይመርን ያላወቀ ሰው ብዙ ነገር ቀርቶበታልና እንደምንም ልሞክረው።

ይመር አናጺ ነበር። ከወሎ በልጅነቱ መጥቶ እዚህ እሪ በከንቱ ሰፈር አረጀ። ቁመቱ ረጅም ነው፤ ክንዱ ደግሞ ከቁመቱም የባሰ ነው። ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ የበር መቀርቀሪያ የሚዘጋ ሰው ነበር። በሁለቱም ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቶ «እርሳሴን ያየ?» እያለ ግቢውን ያተራምሳል። እንጨት ሲገዛ በጣቱ አንጓ ያንኳኳና ጆሮውን ለጥፎ «ማን አለ?» ይላል። መልስ ካገኘ ይገዛል። መልስ ካላገኘ ለነጋዴው «ሰዎቹ የሉም፣ ሌላ ቀን እመጣለሁ» ብሎት ይሄዳል። ነጋዴዎቹ ከመልመዳቸው የተነሳ እሱ ሲመጣ አንዳንዱ «ጋሽ ይመር፣ ይሄኛው ቤት አሉ» ይለው ነበር።

ሠላሳ ምናምን ዓመት በሰው ወርክሾፕ፣ በሰው ባንኮ ላይ ነው የሠራው። ባንኮ የምለው አናጺ እንጨቱን አጥብቆ አስሮ የሚልግበትን ከባድ ጠረጴዛ ነው። የራሱ ባንኮ ኖሮት አያውቅም። የራሱ ዕቃ ደግሞ፣ መጋዙም መሮውም መላጊያውም፣ ጆንያ ውስጥ ነው የሚያድረው። ጆንያው አልጋ ሥር ነው የሚያድረው። ሚስቱ ዘሀራ የእግር ጣቷን ከጆንያው ጋር ሳታጋጭ ያለፈችው ሳምንት የለም።

ዘሀራ ባሏን አንቱ ነው የምትለው።

«አንቱ ሰውዬ፣ ይሄን ጆንያ ከቤቴ ያውጡልኝ!»

«የት ላድርገው ዘሀሪዬ?»

«ከፈለጉ ይልበሱት!»

በአንቱታ የምትቆጣ ሴት ናት። አንድ ቀን «አንተ» ካለችው ግን ነገሩ ከርሯል ማለት ነው። ያኔ እኔ ባርኔጣዬን አንስቼ እወጣለሁ።

እኔ በያጅ ነኝ። ከምኒልክ አደባባይ ዝቅ ብላ አንዲት ጠባብ የብየዳ ቤት ነበረችኝ። እሱ የእንጨት፣ እኔ የብረት፤ አርባ ዓመት ተነታረክን። «ያንተ ብረት ይዝጋል» ይለኛል። «ያንተን እንጨት ምስጥ ይበላዋል» እለዋለሁ። «ምስጥም ቢሆን ነፍስ ያለው ነገር ነው፣ ጎረቤት ይሆነኛል» ይላል። ለዚህ ምን ይመለሳል? እንዲህ ነበር ሲያበሽቀኝ የኖረው።

እንግዲህ ወደ ጋራዡ። ይመርና ዘሀራ ፈቲያ የምትባል አንዲት ልጅ አለቻቸው። የቢሮ ሠራተኛ ናት። ልጃቸው አንድ ናት፤ ምላሷ ግን የአምስት ልጅ ነው። ቆጥባ ቆጥባ ያገለገለች ትንሽ መኪና ከውጭ አዘዘች። መኪናዋ ስትመጣ መግቢያ እንዳታጣ ብላ፣ የድሮው ማገዶ ቤት በነበረበት ጥግ በብሎኬት ጋራዥ አሠራች። ግድግዳው ቆመ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ለበሰ፣ እዚያ ላይ ቆመ። በር የለው፣ ልስን የለው፣ ወለሉ አፈር። «ቀሪውን መኪናዋ እስክትደርስ ቀስ ብዬ አስጨርሰዋለሁ» አለች። የተሳሳተችው እዚህ ላይ ነው። ይመር ባለበት ግቢ ውስጥ ያላለቀ ነገር ትታ ቢሮ ሄደች።

ግንበኞቹ ዕቃቸውን ሰብስበው በወጡ ማግስት ስልኬ ጮኸ።

«ወልዴ፣ ፒያሳ ውጣ። ምስጢር አለኝ።»

ሄድኩ። ማኪያቶ አዘዘ። ጠጣው ስለው አልጠጣውም፤ አረፋውን በማንኪያ እየጨለፈ ጠረጴዛው ላይ ይሥላል።

«ይሄ በሩ ነው። እዚህ ጋ ባንኮ። ይሄ ግድግዳ ደግሞ፣ ወልዴ ሙት፣ ዕቃዬ በሙሉ የሚሰቀልበት። በሙሉ! ጆንያ ቀረ!»

«መኪናዋስ?» አልኩት።

ማንኪያውን አስቀመጠ። «መኪናዋ አሁን የት ናት?»

«መርከብ ላይ ናት አላልከኝም?»

«እንግዲህ መርከብ ላይ ያለ ነገር ገና አልመጣም።»

«ይመር፣ ጋራዡ የልጅቷ ነው።»

«ልጅቷ የማን ናት? እየው፣ ባዶውን ከደረሰች መኪናዋ ሰተት ብላ ትገባለች። አልቆ፣ አምሮ፣ ዕቃው ተሰቅሎ ከደረሰች ግን፣ ፈቲያን አውቃታለሁ፣ ያለቀ ነገር ለማፍረስ አንጀት የላትም። ስለዚህ መቅደም ነው።»

አስተናጋጇ መጣችና ባንኮውንም በሩንም በጨርቋ ጠርጋ ሄደች። ይመር ግንባሩን ነካ አድርጎ «ግድ የለም ልጄ፣ ዋናው እዚህ አለ» አላት። ልጅቷ ምን እንዳላት ሳይገባት ሳቀች። እኔም ሳላስበው ተስማማሁ። እኔን እሺ ማሰኘት ከባድ ነው፤ ጊዮርጊስን! ግን ሰባ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ሰው እንደዚያ ዓይኑ ሲበራ አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰዓታችን መኪናዋ ሆነች። ይመር በየማታው እራት ላይ ረጋ ብሎ «ልጄ፣ መኪናሽ የት ደረሰች?» ይላል። እሷ አባቷ ስላሰበላት ደስ ብሏት ትነግረዋለች። እሱ «አልሐምዱሊላህ» ይልና ወደ ግቢ ወጥቶ ይደውልልኛል።

«ወልዴ! ጅቡቲ ገብታለች! ወለሉ!»

በማግስቱ ወለሉን ሞላን። ውሃ ልክ ይዞ ወለሉ ላይ በደረቱ ተኝቶ ሲያይ አንዷ ድመት እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ተራመደች። እኔ ልደፍነው ስል ከለከለኝ። «የመጀመሪያዋ ደንበኛ ናት፣ ፈርማ ነው የሄደችው» አለ። እስካሁን አራት የድመት ዱካ በሩ አጠገብ አለ።

በሩን ለኔ ሰጠኝ። ልኩን የነገረኝ በስልክ ነው። «ቁመቱ አምስት ክንድ፣ ወርዱ ስድስት ክንድ» አለ። የዘመኑ ሰው ይሄን ሲሰማ ይስቅብን ይሆናል። ሜትር ሳናውቅ ቀርተን አይደለም። ሜትር ግን ይጠፋል፤ ክንድ አይጠፋም። አርባ ዓመት ሁለታችንም በክንድ ለክተን ሠርተናል፤ እያንዳንዳችን ለየብቻ ስንሠራ አንድም ቀን ስተን አናውቅም። አብረን አንድ ነገር ስንሠራ ደግሞ ይሄ የመጀመሪያችን ነው። እኔ ክንዴን ብረቱ ላይ ዘርግቼ ለካሁ፣ ቆረጥኩ፣ በየድኩ፣ ግራጫ ቀለም ቀባሁት። ባለ ሁለት ተከፋች የሚያምር በር። በእጅ ጋሪ አስጭኜ፣ በሰፈሩ መሃል እንደ ሙሽራ አጅቤ ይዤው ወረድኩ።

ስናቆመው ቀዳዳው ውስጥ ዋኘ። ከላይ ሰማይ ይታያል፣ ከግራ ከቀኝ የጎረቤት ግቢ ይታያል። ያደገ ልጅ የአምና ሱሪውን ለብሶ የቆመ ነው የሚመስለው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ ይመር።

«አምስት በስድስት ክንድ።»

«በማን ክንድ?»

«በኔ ነዋ! የማንን ክንድ ተበድሬ ልለካ ኖሯል?»

«ልኩን የነገርኩህ በኔ ክንድ ነው!»

«በስልክ ክንድህ አይታይም!»

«አርባ ዓመት አይተኸው የለም እንዴ? ማኪያቶ ባነሳሁ ቁጥር አፍንጫህ ሥር አይደለም የሚያልፈው?»

«ይመር፣ ክንድ ማለት የሰው ክንድ ማለት ነው። ያንተ የግመል ነው።»

ጩኸታችንን ሰምታ ዘሀራ ወጣች። ሁለታችንንም አንድ ሳንቃ ላይ ክርናችንን አስደግፋ ክንዳችንን ጎን ለጎን አስዘረጋችን። የኔ የመሃል ጣት የሱ አንጓ ጋ ቀረ። ዘሀራ አንዴ በሩን፣ አንዴ እኛን አየችና፣ «ሁለት ሽማግሌ! እድሜያችሁ ቢደመር መቶ አርባ! አንዲት ሜትር መግዛት አቅቷችሁ!» ብላ ሳቋ ከወገቧ አጥፏት ወደ ቤት ገባች።

እኔ ተናድጃለሁ። በሬን መልሼ እወስዳለሁ፣ ሌላ እሠራለሁ፣ ደግሞም ከእንግዲህ ላንተ አልሠራም አልኩ። እሱ ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠና ክፍተቱን ማየት ያዘ። አየ፣ አየ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የይመር ሳቅ ከትከሻ ነው የሚነሳው፤ አፉ ጋ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው።

«ሌላ የምንሠራበት ጊዜ የለንም» አለኝ። «ሞጆ ልትደርስ ነው። ደግሞ ወልዴ፣ በሩ አልጎደለም። ቀዳዳው ነው የተረፈው። የተረፈውን ለኔ ተወው።»

በሦስት ቀን ውስጥ ግራና ቀኙን በዋንዛ ሳንቃ ከበበው። ከላይ ደግሞ ሰማይ ይታይበት በነበረው በኩል ስድስት መስታወት ደረደረበት። ጠዋት ፀሐይ በዚያ ስትገባ ያ ብሎኬት ቤት በብርሃን ይሞላል። ከታች እስከ ላይ ሰፈር ውስጥ እንደዚያ ያለ በር የለም። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያያል፤ አንዱ ሀብታም «ማነው ዲዛይን ያደረገው?» ብሎ ጠየቀ። ይመር ቀጥ ብሎ ቆሞ «የወልዴ ክንድ አጭር ስለሆነች ብርሃን አገኘን» አለው። ሰውዬው ግራ ተጋብቶ ሄደ። ይመርን ያልረሳሁት ለዚህም ጭምር ነው። ስህተቴን አልደበቀልኝም፣ አልወቀሰኝምም። መስታወት አስገባበትና ሰው ሁሉ እንዲያየው አደረገ።

ከዚያ ባንኮው ቀጠለ። እሱ ላዩን ከወፍራም ዋንዛ፣ እኔ እግሩን ከብረት። አርባ ዓመት የተነታረክንበት እንጨትና ብረት እዚያ ታረቁ። እግሩን ወለሉ ውስጥ ቀብሬ በሲሚንቶ ያዝኩት።

«እንዳይነቃነቅ ነው?» አለኝ።

«እንዳይነሳ ነው» አልኩት።

አቀፈኝ። እንደዚያ የተመሳጠርንበት ቀን የለም።

ፈቲያ አታይም እንዳትሉ። በየቀኑ ከቢሮ ስትመለስ ጋራዡን ትጎበኛለች።

«አባባ፣ ይሄ መደርደሪያ ለምንድን ነው?»

«ለጎማሽ ነዋ ልጄ።»

«አሥራ ሁለት ክፍል አለው። መኪናዬ እኮ አራት ጎማ ነው ያላት።»

«ኢንሻአላህ ይበዛሉ።»

«ይሄ ጠረጴዛስ?»

«መኪናሽ ስትታመም የምትታከምበት።»

«አባባ፣ መኪና አልጋ ላይ ወጥታ አትታከምም።»

«ወልዴ ነው እንደዚያ ያለኝ» አለ፣ ዓይኑን ሳያሽ።

ዞር አለችብኝ። «ጋሽ ወልዴ፣ እርስዎም አሉበት?»

«እኔ በሩን ብቻ ነው የሠራሁት።»

«እሱንማ አይተነዋል» ብላኝ ሄደች። ከሄደች በኋላ እንደ ተያዘ ተማሪ ተያይተን አፋችንን ይዘን ሳቅን።

መጨረሻ ላይ ግድግዳው ቀረ። ለስኖ ነጭ ቀባውና ጆንያውን ከአልጋ ሥር ጎትቶ አመጣ። ዘሀራ ከኋላው ሆና በእልልታ ሸኘችው። ዕቃውን አንድ በአንድ ግድግዳው ላይ እየለጠፈ በእርሳስ ዙሪያውን ሣለ። ለእያንዳንዱ ቤት ሠራለት። መሮውን ይዞ «ግባ፣ አትፈር፣ ቤትህ ነው» ይለዋል። መጋዙን ሰቀለ። ወደ ኋላ ሄዶ አየው። ተመልሶ አወረደውና እንደገና ሰቀለው።

«ምን ሆነሃል?» አልኩት።

«ምንም። ቤቱ ሲገባ አንድ ጊዜ ደግሜ ልየው ብዬ ነው።»

እኔ አቧራ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነበር።

«ሞጆን ለቃለች» የተባለው ከዚያ ሳምንት በኋላ ነው። ባንኮው ዘይት ጠጥቶ ደርቋል፣ አምፖሉ በርቷል፣ ወለሉ ተጠርጓል። አልቋል። ቀድመናታል። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከግቢው በር ውጭ ጥሩንባ ተነፋ። ዘሀራ እልልታዋን አቀለጠችው። እኔና ይመር በሩ ፊት እጃችንን አጣምረን እንደ ዘበኛ ቆምን። ይመር ለዚህ ቀን ጺሙን ተላጭቷል።

እንቁላል የመሰለች ነጭ ትንሽ መኪና ገባች። ፈቲያ ወረደች። ጋራዡን ዞራ እንኳ አላየችውም።

«አባባ፣ ግባ።»

«የት?»

«መኪናዋ ውስጥ ነዋ። ዞር ዞር ላድርግህ።»

«እግሬ አይበቃትም።»

«ይታጠፋል፣ ግባ!»

እንደ አናጺ የእንጨት ሜትር ተጣጥፎ ገባ። ሄዱ። እኔ ብቻዬን ጋራዡን እየጠበቅሁ ቀረሁ። ኋላ እንደሰማሁት ምኒልክ አደባባይን ሦስት ጊዜ ዞረዋታል። መስኮቱን ከፍቶ፣ ያንን ክንዱን እስከ ትከሻው አውጥቶ፣ የሚያውቀውንም የማያውቀውንም ሰላም ሲል ነበር። አንዱ ትራፊክ ፖሊስ ሳይቀር ሰላምታውን መልሶለታል።

ሲመለስ ፊቱ ሌላ ሆኗል።

«ወልዴ» አለኝ ገና ሳይወርድ፣ «ባንኮውን አንሳ።»

«ምን?»

«ይቺ ውጪ አትቆምም። ስትሄድ ሰምተሃታል? ድምፅ እኮ የላትም! ዝናብ ሊደበድባት፣ ፀሐይ ልታቃጥላት ነው። አንሳልኝ!»

«እግሩ ሲሚንቶ ውስጥ ነው ያለው!»

«ቁረጠው!»

«አልቆርጥም!»

«የራሴ ባንኮ ነው፣ ቁረጥ እላለሁ!»

«እግሩ የኔ ነው! ከፈለግህ ላዩን ፈትተህ ውሰድ!»

ያን ሁሉ ወር በአንድ ወገን ተሰልፈን፣ ጠላት በር ላይ ሲደርስ ከዳኝ። እኔ ባንኮው ፊት ቆሜ አላስነካም አልኩ። እሱ ከግድግዳው መጋዙን አወረደና ተንበርክኮ የብረቱን እግር መገዝገዝ ጀመረ። በእንጨት መጋዝ! ዕቃውን ከዓይኑ ብሌን አብልጦ የሚሳሳለት ሰው፣ የመጋዙን ጥርስ በብረት ላይ ሊጨርስ!

ፈቲያ መጣች። መጋዙን ከእጁ ወሰደች። ግድግዳው ላይ ፈለግ አድርጋ፣ በእርሳስ የተሣለለት ቦታ ላይ መልሳ ሰቀለችው።

«አባባ» አለች፣ «መኪናዋ አዲስ አበባ ከገባች ሁለት ሳምንት ሆኗታል።»

እኔና ይመር ተያየን።

«ጓደኛዬ ግቢ አቁሜያት ነው። የባንኮው ዘይት እስኪደርቅ ነበር የምጠብቀው። ሞጆ ናት ስላችሁ ሞጆ አልነበረችም። ገና ስለ ወለሉ ስትደውል ነው የሰማሁህ፤ በመስኮት ይሰማል እኮ፣ ደግሞ አንተ ምስጢር የምትናገረው እየጮህክ ነው።»

«እና ለምን ዝም አልሽ?» አለ ይመር።

«ሠላሳ ዓመት በሰው ባንኮ ላይ ሠርተህ ነው ያሳደግኸኝ። መኪናዋን ዝናብ ቢመታት ትታጠባለች።»

ይመር እጁን ወደ መኪናዋ ዘረጋ።  «ተይ ልጄ፣ ደክመሽ የገዛሻት...» ብሎ ሊጀምር ሲል ከበረንዳው ድምፅ መጣ።

«አንተ!»

ዘሀራ ናት።  እኔ ባርኔጣዬን ፈለግሁ።

«ልጅቷ ሰጥታሃለች፤ ተቀበል! ደግሞ ያ ጆንያ ተመልሶ አልጋዬ ሥር ቢገባ እኔን አያድርገኝ!»

ተቀበለ። ምን ምርጫ አለው? ጀርባውን ሰጥቶን ባንኮው ላይ አንድ ቁራጭ እንጨት አስሮ ይልግ ጀመር። ምንም የማያስፈልገው፣ ድሮውንም የለሰለሰ እንጨት ነው። ፍቅፋቂው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሲከመር ማንም አላቋረጠውም።

ሁለት ዓመት ሠራበት። የኔ የብየዳ ቤት ስትዘጋ ዕቃዬን ይዤ እሱ ጋ ገባሁ፤ ግድግዳው ላይ ለኔም ካቻቢቴና መዶሻ ቤት ሣለልኝ። የሰፈሩ የተሰበረ ነገር ሁሉ እዚያ መጣ፤ የወንበር እግር፣ የቁም ሳጥን በር፣ የልጅ አልጋ። ያለቀውን ዕቃ ባለቤቱ ሊወስድ ሲመጣ ይመር ራሱ እስከ መንገዱ ተሸክሞ ይሸኘዋል፤ ሲሸኝ ይዘፍናል፣ ድምፁ ደግሞ አያድርስ ነው። መኪናዋ ግቢው ውስጥ ሸራ ለብሳ ኖረች። በየጠዋቱ ሸራዋን ገልጦ ይወለውላትና «ታገሺ፣ ዘንድሮ ጣሪያ እሠራልሻለሁ» ይላታል። የጎረቤት ወንበር እየቀደማት ቀረች።

አንድ ጠዋት ሰገደ፣ ሻዩን ጠጣ፣ ወርክሾፑ ገባ። ዘሀራ ለቁርስ ልትጠራው ስትሄድ ባንኮው ላይ ክንዱን አስደግፎ፣ ራሱን ክንዱ ላይ አሳርፎ አገኘችው። ሁለቱም እርሳስ ጆሮው ላይ ነበሩ። ይሄው ነው።

ከቀብሩ በኋላ ባለው ሳምንት ወደዚያ ግቢ አልሄድኩም። እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። መኪናዋ ገብታ ባየውስ? ቤቴ ተቀምጬ ይሄን መጻፍ ጀመርኩ። እዚህ ድረስ ጽፌ ሳለ ትናንት ከሰዓት ፈቲያ ደወለች።

«ጋሽ ወልዴ፣ ነገ ሥራ አለዎት?»

 ባንኮውን ቁረጥልኝ ልትለኝ ነው። ያንን እግር የቀበርኩት እኔ ነኝ፣ መቁረጥም የኔ ሊሆን ነው።

«ለምን ፈለግሽኝ?» አልኳት በቁጣ።

«ለመኪናዬ ጣሪያ ነው። አባባ እንጨቱን ልጎ ጨርሶታል፤ ባንኮው ሥር ደርድሮት ነው ያገኘሁት። ብየዳው ብቻ ነው የቀረው። ክረምቱ ሳይገባ በረንዳው አጠገብ ቢሠሩልኝ ብዬ።»

«ግቢ ላይ?»

«ታዲያ የት?»

«ጋራዡስ?»

«ኧረ ጋሼ! ሰው እየሠራበት መኪና ላስገባ?»

«ማን ነው የሚሠራበት?»

 «ምን ዓይነት ጥያቄ ነው ጋሽ ወልዴ? እርስዎ ነዎት እንጂ! የጎረቤት ወንበር ተከምሮ እየጠበቀዎት ነው። ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ይምጡ፣ ቁልፉ እማማ ጋ ነው።»

እሺ አላልኳትም። እኔ ለማንም ቶሎ እሺ ብዬ አላውቅም። «አየዋለሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ሁለት ሰዓት ነበር ያለችኝ። ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ የብየዳ መነጽሬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ዘሀራን ከእንቅልፏ ቀሰቀስኳት።